ገራዶን የምትከተለው ዓይናለም

ኢንተርኔት ወደ መቐለ የተመለሰ ሰሞን ዓዲ ሓቂ ሰፈር ያሉት ካፌዎች ከጥግ እስከ ጥግ ሰው ሞላቸው። አንዱ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያለቅሳል፤ አንዷ የወንድሟን ልጅ ፎቶ ለማታውቀው ሰው ታሳያለች፤ ሌላው ደግሞ የሁለት ዓመት መልእክት በአንድ ጊዜ ሲንጋጋበት ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ዝም ብሎ ያየዋል። ኣንዶም ገብረዝጊ ይህን ሁሉ ከሚሠራበት የፎቶ ኮፒ ቤት መስኮት ሆኖ ይመለከት ነበር። የሚደውልለት ሰው አጥቶ አይደለም፤ እጁ ወደ ስልኩ አልሄድ ብሎት ነው።

ኣንዶም ሠላሳን የተሻገረ፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ከጦርነቱ በፊት የኮምፒውተር አስተማሪ ነበር። ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ተፈናቃዮች ሲሰፍሩበት፣ ገዛኢ የሚባል የድሮ ጎረቤቱ ከምትቀመጥ እኔ ጋ እየመጣህ አግዘኝ ብሎ ወሰደው። የገዛኢ ቤት ከፊት ለፊት ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ በደጉ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጌም የሚጫወቱባቸው ኮምፒውተሮች ያሉበት ክፍል አለ። ከተማው ሲዘረፍ ገዛኢ ኮምፒውተሮቹን በጆንያ ጠቅልሎ ከማገዶ ክምር ሥር ቀብሮ ነው ያተረፋቸው። አሁን አንድ በአንድ አቧራቸውን እያራገፈ አስነሣቸውና፣ ኔትዎርኩ ይሠራ እንደሆን እስቲ እያቸው አለው።

ኣንዶም ገብቶ ተቀመጠ። ብዙም ሳያስብበት ጣቶቹ ድሮ የሚያውቁትን ጌም ከፈቱ።

ጌሙ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚገቡበት፣ እያንዳንዱ የራሱን ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ እያሳደገ ከሌሎች ጋር የሚዘምትበት ነው። ኣንዶም ከጓደኛው ከዛሂድ ጋር ነበር የሚጫወተው። ዛሂድ የወሎ ሰው ልጅ ይሁን እንጂ ተወልዶ ያደገው መቐለ ነው። አባቱ አቶ አብዱልወዱድ ቅመም ይዘው ከደሴ መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ እሳቸው ሲያርፉ እናቱ ወይዘሮ ሙሚና ንግዱን ተረከቡ። ልጆቹ አንድ ክፍል ተምረው፣ በዛሂድ ቤት አማርኛ በኣንዶም ቤት ትግርኛ እያወሩ አደጉ።

ዛሂድ በጌሙ ውስጥ ባለሰይፍ ነበር። አባቱ በተወለዱበት፣ ከደሴ በታች ባለው ሸለቆ ስም ገራዶ ብሎ ሰየመው። ኣንዶም ደግሞ ሂለር ያዘ፤ አካሚ ማለት ነው። ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት ነች። እሱም የወላጆቹ ቤት ባለበት፣ ከተማው የሚጠጣው ውኃ በሚቀዳበት ሰፈር ስም ዓይናለም አላት። ሂለር ሰይፍ የላትም። ከተዋጊው ኋላ ቆማ ቁስሉን ትደፍናለች፣ ደሙን ትመልሳለች እንጂ ብቻዋን ወጥታ አንድ ቀበሮ እንኳን አትጥልም። “ያለ እኔ ዶሮ አትገድልም” እያለ ዛሂድ ይስቅባት ነበር።

መብራት ሲጠፋ ወይም ሥራ ሲበዛ አንዳቸው ይቀሩ ስለነበር የይለፍ ቃላቸውን ተለዋውጠዋል። የተገኘው ሁለቱንም ይከፍትና ያልመጣውን ጓደኛ ገጸ ባሕርይ “ተከተል” ብሎ ያዘዋል፤ እሱም እንደ ጥላ ኋላ ኋላ ይሄዳል።

ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ዛሂድ የአጎቱን የሳሊህን የስልክ ዕቃ መሸጫ ሊያግዝ ደሴ ወረደ። ከዚያም በኋላ በየምሽቱ በጌሙ ውስጥ ይገናኙ ነበር። አንድ ምሽት መስመሩ ተቋረጠ። ዓይናለም ሌቭል አርባ ላይ ነበረች፤ አንድ ድልድይ አፍ ላይ ቆማ ቀረች።

አሁን ስክሪኑ ሲበራ ድልድዩ የለም። ዓይናለም ኣንዶም ደርሶበት የማያውቅ በረዷማ ከተማ ውስጥ፣ ያልገዛላትን ካባ ደርባ ቆማለች። ሌቭሏ ሰባን አልፏል።

መጀመሪያ ያሰበው ተሰርቄያለሁ ብሎ ነው። ቦርሳዋን ሲያይ ግን መድኃኒቱ በዓይነት በዓይነቱ ተሰድሯል፤ ውዱ ዕቃ ሁሉ አለ። የተማረቻቸውን ጥበቦች ከፈተ። እሱ በየሌቭሉ የምታገኘውን ነጥብ ሁሉ ቁስል በማዳን ላይ ነበር የሚያውለው፤ አሁን አብዛኛው ጋሻ ላይ ፈሷል። ይህ ጋሻ ተዋጊው ገና ሳይመታ አስቀድሞ የሚጋርድ ነው። ጥቂት ካሰበበት በኋላ ምክንያቱ ገባው። ሁለት ገጸ ባሕርይ ብቻውን የሚነዳ ሰው ዓይኑ ተዋጊው ላይ ስለሚሆን ቁስል እየጠበቀ ሊያክም አይችልም። ቀድሞ መጋረድ አለበት። ዓይናለምን ይዞ የከረመው ዛሂድ ነው።

ደስ ሊለው እንደሚገባ ያውቃል። የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚነካ ሰው ካባዋን፣ በትሯን፣ ጫማዋን አንድ በአንድ ጠቅ እያደረገ አየ። ምንም አልተሰማውም።

እዚያው ተቀምጦ ሳለ ኖራ የምትባል፣ በጌሙ አብረው የሚዘምቱበት ማኅበር አባል፣ የየት አገር ሰው እንደሆነች የማያውቃት፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጻፈችለት። ገራዶ ተመለሰ ወይ ነው ጥያቄዋ። ኣንዶም እሱ የዓይናለም ባለቤት እንደሆነ ነገራት። ከዚያ እንዳወራችለት ከሆነ ገራዶ ዓመት ያህል ይህችን ዝምተኛ ሂለር ከኋላው እያስከተለ ነበር የሚመጣው። በእሷ ቦታ እውነተኛ ሰው ብታስገባ ይሻልሃል ቢሉትም እምቢ አላቸው። ባለቤቷ የት ነው ሲሉት ስልክ የሌለበት አገር ነው፣ ይመጣል ይላቸዋል። አንድ ቀን ራሱም ጠፋ። ከጠፋ ዓመት አልፎታል።

ኣንዶም ኮምፒውተሩን ዘጋና ወጣ። የዛሂድን የድሮ ቁጥር ሞከረ፤ አይሠራም። በማግሥቱ ወደ ወይዘሮ ሙሚና ሱቅ ሄደ።

ወይዘሮ ሙሚና ጦርነቱን መቐለ ተቀምጠው ነው ያሳለፉት። ኮረሪማው ቢያልቅ በርበሬ፣ በርበሬው ቢያልቅ ጨው እየሸጡ ሱቃቸውን ሳይዘጉ ከረሙ። ኣንዶምን ሲያዩ ተነሥተው ትከሻውን ሳሙት።

“ዛሂድ እንዴት ነው አደይ ሙሚና?” አላቸው፤ እንደ ልጅነቱ እናቴ ማለቱ ነው።

“አልሐምዱሊላህ፣ አለ ልጄ። ድምፁን ሰማሁት።”

ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የአጎቱ ሱቅ ባዶ እንደቀረ፣ ዛሂድም በእግሩ ሸሽቶ ቆይቶ እንደተመለሰ፣ አሁን ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እንደሚጭንና እንደሚያወርድ ነገሩት። ሱቁን ማን ባዶ እንዳደረገው አልተናገሩም፤ ኣንዶምም አልጠየቀም። ሁለቱም ጥቁር አዝሙዱን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ አዲሱን ቁጥር አስያዙት። አንተን ሳይጠይቀኝ ስልክ ዘግቶ አያውቅም፣ ደውልለት አሉት። እሺ አለ።

አልደወለም።

ያልደወለበት ምክንያት ወንድሙ ነው። ታናሽ ወንድሙ ኣረፋይነ ዘምቶ አልተመለሰም። ያኔ ብዙ ቤት እንዲሁ ነበር፤ የሞተም የቆሰለም ሳይለይ ሁሉም ይጠብቃል። ኔትዎርኩ ከመመለሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ኣንዶም በእንዳ ኢየሱስ ዳገት ሲወርድ፣ በክራንች የሚሄድ አንድ ወጣት ስሙን ጠርቶ አስቆመው። ከኣረፋይነ ጋር አብሮ የነበረ ነው። ሲወድቅ እንዳየው፣ በእጁም አፈር እንዳለበሰው ነገረው። ቤታችሁ ልመጣ ነበር አለው። ኣንዶም አትምጣ አለው፤ እናቴ በወጉ ሲነገራት ትስማ። ልጁን አመስግኖ፣ ታክሲ እስኪይዝ አብሮት ቆሞ፣ ወደ ሥራው ሄደ። ያን ቀን የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲጽፍ ዋለ። አንድም ፊደል አልሳተም።

ዛሂድ ስልኩን ቢያነሣ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው ስለ ኣረፋይነ ነው። ልጁን ብስክሌት መንዳት ያስተማረው ዛሂድ ነው።

ስለዚህ ኣንዶም በመደወል ፈንታ የዛሂድን የይለፍ ቃል አስገብቶ ገራዶን ከፈተ። በጌሙ ደንብ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ ገጸ ባሕርይ ይሰረዛል፤ እንዳይሰረዝበት ነው ብሎ ለራሱ ነገረ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ከመጋረጃው ወዲያ ይገባና ሁለት ኮምፒውተር ጎን ለጎን ያስነሣል። ቀኝ እጁ ለገራዶ፣ ግራ እጁ ለዓይናለም። “ተከተይ” ይላታል፤ ትከተላለች። ጋሻውን ታለብሰዋለች፣ ገራዶ ይገባል፣ ይመታል፤ ጋሻው ሊያልቅ ሲል ግራ እጁ ሳያይ ይነካል። ሌላም ጣጣ አለው። ገራዶ በሮጠ ቁጥር እሷ ዛፍ መካከል ተጠልፋ ትቀራለች፤ ተመልሶ መፈለግ ነው። መድኃኒቷ ሲያልቅ ገበያ ወስዶ መሙላት፣ የተቀደደ ካባዋን ማስጠገን፣ ካገኙት ዕቃ የሚስማማትን ለይቶ ማልበስ ነው። ዛሂድ ይህን ሁሉ ዓመት ሙሉ እንዴት እንደቻለው ኣንዶም አንዳንዴ ይገርመዋል። የሚገርመው ግን ጭንቅላቱን ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች አይወርድም።

ገዛኢ መጋረጃውን ገልጦ ያየውና ከሰዎች ጋር ብትጫወት አይሻልም ይለዋል። እነዚህ ተላምደዋል ይለዋል ኣንዶም። ኖራም ሂለር ጎድሎናል፣ ዓይናለምን ይዘህ ከእኛ ጋር ግባ እያለች ትጽፍለታለች። አመስግኖ ይተዋታል።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። እናቱ ወይዘሮ ዘቢብ ከግንባር ተመለሰ የተባለውን ሁሉ ቤቱ ድረስ እየሄዱ ይጠይቃሉ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ለኣረፋይነ ጫማ እንግዛለት አሉ፤ ሲመጣ ባዶ እግሩን ይሆናል ብለው። ኣንዶም ገበያ አብሯቸው ሄደ። የእግሩ ልክ ስንት ነበር አሉት፤ ነገራቸው። ጥቁሩን ይወዳል አሉ፤ አዎ አለ። ሲመለሱ ጫማውን የያዘው እሱ ነበር። በባጃጁ ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ሳለ፣ አሁን እንኳን የሆነ ነገር ሊሰማኝ ይገባል ብሎ ጠበቀ። የባጃጁ ሞተር ድምፅ ብቻ ነበር።

በጥቅምት መርድእ፣ የዘማቾቹ መርዶ፣ ወጣ። የሞቱት ለየቤታቸው ተነገረ፤ በየመንደሩ ድንኳን ተተከለ። በእነ ኣንዶም ቤት በር ላይም ተተከለ። አንድ ቤት አልቅሶ ለማስተዛዘን የሚሄድበት ጎረቤት ራሱ ለቅሶ ላይ ነበር። እናቱ ሲጮኹ ኣንዶም ክንዳቸውን ይዞ ነበር፤ ጎረቤት ሲቀበለው ወንበር ሊያመጣ ወጣ። የፕላስቲክ ወንበሮቹን እግራቸው የተሰነጠቀውን እየለየ ወደ ጎን አደረገ።

ወደ ማምሻው አባቱ ከጓሮ ጠሩት። አቶ ገብረዝጊ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

“ታውቅ ነበር?” አሉት በትግርኛ።

“አዎ አቦይ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከጥር።”

አባቱ ቆይተው “ብቻህን?” አሉት። መልስም አልጠበቁ፤ እጃቸውን ማጅራቱ ላይ ጣል አድርገው ጥቂት ቆዩና ወደ ሰዉ ተመለሱ።

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ሙሚና መጡ። ከኋላቸው ጢሙን ያሳደገ፣ የፊት ጥርሱ አንዱ የጎደለ ሰው ነበር። ኣንዶም ወዲያው አላወቀውም። ዛሂድ ነው። ቀጥታው መንገድ ስላልተመቸ በአፋር በኩል ዞሮ ነው የመጣው። እናቱ መርድኡን በስልክ ቢነግሩት የዚያኑ ቀን ከመጋዘኑ ወጥቶ ጉዞ ጀመረ። ወደ ወይዘሮ ዘቢብ ሄዶ ጉልበታቸው ላይ ተደፋ። በትግርኛ ጽንዓት ይሃብኩም፣ ጽናቱን ይስጣችሁ፣ አላቸው። እሳቸው ጭንቅላቱን ይዘው ኣረፋይነን በስሙ እየጠሩ አለቀሱ፤ እሱም አለቀሰ። ኣንዶም ውኃ አመጣላቸው።

ሰዉ ሲሳሳ ሁለቱ ከድንኳኑ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ወሬውን ዛሂድ ጀመረ።

“ዓይናለምን አገኘሃት?”

“አገኘኋት።”

“ነጥቧን በሙሉ ጋሻ ላይ ነው ያዋልኩት።”

“አየሁት። ልክ ነህ።”

ዛሂድ እግሩ ሥር ያለውን ጠጠር በጫማው ገፋ። የጀመርኩት እንዳትሰረዝ ብዬ ነበር አለ። አልፎ አልፎ ከፍቶ ሊዘጋት ነበር ሐሳቡ። ግን ስም ዝርዝሩ ውስጥ “ዓይናለም ገብታለች” የሚል ሲመጣ ኣንዶም የመጣ ይመስለው ጀመር። ስለዚህ በየምሽቱ ከፈታት። አጎቱ አብደሃል ይሉት ነበር፤ የሞተ ሰው ታስከትላለህ ብለው አንድ ጊዜ ተቆጥተውታል።

“እሷ ከተሰረዘች ስለ አንተ የቀረኝ ነገር ያልቃል መሰለኝ” አለ ዛሂድ።

ድምፁን ሳይለውጥ ቀጠለ። ሱቁ የተዘረፈ ቀን የገቡት ታጣቂ ልጆች ትግርኛ ነበር የሚናገሩት። ቋንቋውን ከሰማ ብዙ ጊዜው ስለነበር፣ ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ ጆሮው ቀና አለ። አንዱን ከየት ነህ አለው፤ ከመቐለ አለው። የኣረፋይነ እኩያ ነው።

“ኣረፋይነን ታውቀዋለህ ብዬ ልጠይቀው ነበር።”

“ጠየቅከው?”

“አልጠየቅኩትም። ኮምፒውተሬን ተሸክሞ ነበር።”

ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ሴት ሙሾ ጀምራ አቆመች። ዘራፊው የወንድሙ እኩያ፣ የተዘረፈው ወንድሙን ሊያለቅስ የመጣ፤ ይህን በየት በኩል ይዘው እንደሚያነሡት ኣንዶም አላወቀም። የሚያውቀውን ብቻ ተናገረ።

“ገራዶን እኔ እየነዳሁት ነበር።”

“እናቴ እሱ ደህና ነው፣ ግን እስካሁን አልደወለልህም ወይ እያለች ስትጠይቀኝ፣ አንድ ነገር አለ ብዬ እኔም ሳልደውል ጠበቅኩህ” አለ ዛሂድ። “ለምን አልደወልክም?”

“ስለ ኣረፋይነ ትጠይቀኛለህ ብዬ።”

ዛሂድ ራሱን ነቀነቀ። “እጠይቅህ ነበር” አለ።

ከዚያ እጁን ኣንዶም ጉልበት ላይ አሳረፈ። እጁ ጆንያ ሲያነሣ የሻከረ ነው። ገራዶን ተወው አለው፤ እኔ ከእንግዲህ አልመለስበትም፤ ወገቤም ሰዓቴም አይፈቅድ፤ ይሰረዝ። ኣንዶም እሺ አለ።

ዛሂድ ሳምንት ያህል ቆየ። በቀን በቀን እየመጣ ከአቶ ገብረዝጊ ጎን ይቀመጣል፤ ድንኳኑ ሲነሣም ካስማውን አብሮ ነቀለ። ስለ ጌሙ ዳግም አላወሩም። በመጨረሻ እናቱን ይዞ ሊሄድ ሆነ። ወይዘሮ ሙሚና ዕድሜዬ ገፋ፣ ከልጄ ጋር ልሁን ብለው የቀረውን ቅመም ለወይዘሮ ዘቢብ ሰጥተው ሱቁን ለቀቁ። ኣንዶም ሻንጣቸውን እስከ መናኸሪያ ተሸከመ። መኪናው ሲንቀሳቀስ እጁን አነሣ፤ ዛሂድም አነሣ። ቤት ገብቶ ልብሱን ሳያወልቅ ተኛና እስከ ማግሥቱ አልነቃም።

ከዚያ ወዲህ ገራዶን አልከፈተውም። ዓይናለምን ግን ይዞ ከኖራ ቡድን ጋር ገባ። አሁን ከማያውቃቸው ሰዎች ኋላ ትቆማለች፤ ሲቆስሉ ያክማቸዋል፤ አንዳንዴ ይዘገያል፤ ይሞቱበታል፤ ይቅርታ ይላቸዋል። ነጥቧን ወደ ድሮው መመለስ ይችል ነበር፤ ጋሻዋን ግን አልነካውም። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ወደ ማስተማሩ ስለተመለሰ፣ ገዛኢ ቤት የሚሄደው አልፎ አልፎ ነው።

ዛሂድ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይደውላል። ንግግራቸው አጭር ነው። ዝናብ ጣለ ወይ፣ ወገብህ እንዴት ነው፣ አደይ ሙሚናን ብርዱ ከበዳቸው ወይ፤ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ደህና ሁን። ባለፈው ዓርብ ኣንዶም ስልኩን እንዳነሣ ወይዘሮ ዘቢብ ማነው አሉት። ዛሂድ ነው ሲላቸው እጃቸውን ዘረጉ። ስልኩን ይዘው ወደ ግቢ ወጡና ረዥም አወሩ፤ ጥርሱን አስተክሎ እንደሆነ ጠየቁት፤ ካላስተከልክ ማን ልጁን ይድርልሃል አሉት። እሱ የመለሰላቸው አልተሰማም። ወይዘሮ ዘቢብ ግን ከመርድኡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ኣንዶም ከውስጥ ሆኖ ሰማቸው። ተነሥቶ እጁን ታጠበና ገበታው አጠገብ ተቀምጦ እስኪገቡ ጠበቃቸው።